ትርፍ ሽቦ አይቆረጥም

በርበሬ ፈጭቶ የማያውቅ ሰው ስለ ትዕግሥት ባያስተምረኝ ደስ ይለኛል። እኔም ወፍጮ ቤት ሳልከፍት ራሴን ታጋሽ አድርጌ እቆጥር ነበር። ሃያ ዓመት በአየር ጭነት ቢሮ ተቀምጬ "ዕቃዬ የት ደረሰ?" እያለ የሚጮኸውን ነጋዴ ሁሉ ሳስተናግድ ድምፄን አንድ ቀን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ ግን አርፌ መቀመጥ ሲገባኝ፣ እዚሁ ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ ውስጥ አንዲት ወፍጮ ቤት ከፈትኩ። ባለቤቴ የውብዳር ሐሳቡን ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ከስንት ሥራ መሃል ማስነጠስን መረጥክ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ትዕግሥቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ካምፓላ ወፍጮ ቤት አጥታ አይደለም። በየሰፈሩ ሞልቷል። ግን ሁሉም የሚፈጨው በቆሎ ነው፤ ፖሾ ለሚሉት ለአገሬው ገንፎ። በርበሬ ይዛችሁ ብትሄዱ ባለወፍጮው ገና ጆንያው ሲሸተው "ኖ ሰቦ!" ፣ አይሆንም ጌታዬ ብሎ ይመልሳችኋል። አይፈረድበትም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንት በርበሬ ፈጭቼ እንደጨረስኩ አንዲት ጎረቤቴ በቆሎ አመጣችና ሳላስብ ፈጨሁላት። በዚያ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ በፖሾው ላይ ተላቀሰ። በማግስቱ ሴትየዋ ልትሰድበኝ ስትመጣ ባልዬው ከኋላዋ ቆሞ በእጁ ምልክት "ድገምልኝ" ይለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቆሎን እርም አልኩ። እስከማውቀው ድረስ በከተማው ውስጥ በርበሬ እፈጫለሁ ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሞተሬ ጥቂት ልበል። ሞተሩ ኩሩ ነው፤ ባለ ሦስት መስመር መብራት ካልቀረበለት አይነሣም። ግቢያችን የሚገባው ደግሞ ባለ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያስማማ ኢንቨርተር የሚባል የብረት ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። መብራቱን የሚያጠራቅሙ፣ የወተት ጣሳ የሚያህሉ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሞጁል የምትባል፣ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ጥቁር ነገር ደግሞ አለች። ሞጁሏ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። እኛ የቤታችንን ማብሪያ በቀን አራት ጊዜ ብንነካው ነው፤ እሷ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ታበራለች፣ ታጠፋለች። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ተምሬው አይደለም፤ በሁለት ቀን ሁለት ሞጁል አቃጥዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጧት እትዬ ጥሩወርቅ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ያውም በሁለት፣ ሲመጡ ነው። በፊተኛው ቦዳ ላይ ሁለት ጆንያ በርበሬ ተጭኗል፤ በኋለኛው ላይ እሳቸው ተቀምጠው ጆንያዎቹን ይጠብቃሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ምግብ ቤት አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አንዲት ልጃቸውን ማህሌትን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ሲቆጡ የሰፈሩ ውሻ እንኳ የሚደበቅ ሴት ናቸው። የማህሌት ሠርግ እሑድ ነው። በርበሬውን ሙቱንጎ ካለው ቤታቸው ጣሪያ ላይ ከሐይቁ ነፋስ ጋር እየታገሉ አድርቀው፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን ራሳቸው አመጣጥነው ነው ያመጡት።

"ሐሙስ ሽንኩርት ይጣዳል" አሉኝ። "እስከዚያ ካልፈጨህልኝ ሠርጉ ቀረ በለው።"

"ምነው እትዬ፣ ለክፉም ለደጉም ከገበያ..."

"የልጄን ሠርግ በማላውቀው በርበሬ? ዝም በል!"

ዝም አልኩ። እሳቸውን መፍራቴ ብቻ አልነበረም፤ የዚህ ሠርግ ነገር በእኔም አንገት ላይ ነበረና ነው። ሙሽራው ሙገርዋ የሚባል የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ኡጋንዳዊ ስለሆነ ወጋችንን የሚያውቅለት ሽማግሌ ሲፈልግ እኔ ላይ ወደቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ቀርበን ቆመን ሳለ "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። እኔም ልጁ እንደነገረኝ "ማብሪያ ማጥፊያ ለምን እንደሚበላሽ ያጠናል፣ ያስተምራል" አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ትንሽ አሰቡ።

"ሲበላሽ አዲስ ይገዛላ!" አሉ። "ይሄም ትምህርት ሆኖ?"

ፈቃዱን ሰጡ፤ ማህሌት ስለወደደችው ሰጡ። ግን ሲሸኙኝ በር ላይ ያዝ አድርገውኝ "ልጄን አልከለክልም። ምርቃቱ ግን አፌ ላይ አልመጣ ብሎኛል። ያልመጣውን አላስመስልም" አሉኝ። ማህሌት ይህን ሰምታ ለየውብዳር ስታለቅስላት እኔም ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ያለ እናት ምርቃት የሚታለፍ ሠርግ ምን ዓይነት ሠርግ ነው? ቢያንስ በርበሬው እንዳማረ ይድረስላቸው፣ ሆዳቸው ይራራ ይሆናል ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ወፍጮውን አስነሣሁ። ሩብ ጆንያ እንኳ ሳልፈጭ ሣጥኑ ጢስ አወጣና ጸጥ አለ።

ጓደኛዬ በየነ መጣ። በየነ ድሮ ፍሪጅ ይጠግን ነበር፤ ስለዚህ መሰኪያ ያለው ነገር ሁሉ የእሱ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ አፍንጫውን አስገባ፣ ሰባት ጊዜ አስነጠሰና "የበርበሬው ብናኝ ማቀዝቀዣውን ደፍኖት ነው፤ ሞጁሏ በሙቀት ሞተች" አለ። እውነቱን ነበር። በየነ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ትክክል ሆነ፤ መከራችንም የጀመረው ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ ትክክል የሆነ ሰው ሁለተኛውን ምክር ሲሰጣችሁ እምቢ ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ምክሩ ይህ ነበር፦ ካፓሲተሮቹ ከባድ ናቸው፣ ብናኝም አይፈሩም፣ እዚሁ ይቅሩ። አዲሷ ሞጁል ግን ከነማቀዝቀዣዋ፣ ከነመቆጣጠሪያዋ ወደ ኋለኛው ክፍል ትሂድ፤ ንጹሕ አየር እየሳበች ትሥራ። በመካከላቸው ሽቦ እንዘርጋ። ሲያስረዳኝ ሞጁሏ የሳምባ በሽተኛ ሆና ደጋ እንድትቀየር የታዘዘላት እስኪመስለኝ ድረስ አዘንኩላት።

ሽቦ አላችሁ ወይ ካላችሁ፣ እኔ ዘንድ ሽቦ አይጠፋም። በእኛ ቤት ትርፍ ሽቦ አይቆረጥም። ነፍሱን ይማረውና አባቴ አጥር ሠርቶ የተረፈውን ሽቦ ጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ያንጠለጥለዋል፤ "ነገ ትፈልገዋለህ" ይላል። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ሽቦው ግን አለ። እኔም የወረስኩት ይህንኑ ነው። የሞቱ ስልኮች ቻርጀር፣ የተቆለፈ ነገር የሌላቸው ቁልፎች፣ በላስቲክ ውስጥ የተቀመጡ ላስቲኮች፣ ሁሉም በየመሳቢያው አሉ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስድስት ሜትር ቢሆን ነው። የእኔ ጥንድ ሽቦ ሠላሳ ሜትር ነበር። በየነ ፒንሳውን ሲያነሣ እጁን ያዝኩት። ትርፉን በክርኔ እየጠቀለልኩ ክብ አድርጌ፣ ከልደት ኬክ በተረፈ ቀይ ሪባን አስሬ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። በጣም አምሮብኝ ፎቶ አንሥቼ ለልጆቼ ላክሁ።

ማክሰኞ ጧት ባዶውን ሞከርነው። ሞተሩ እንደ ንብ ዘመረ። አጨበጨብን፤ የውብዳር እንኳ አጨበጨበች። እኔም ኩራት ኩራት እያለኝ አንድ ቁና በርበሬ ጨመርኩ። ሞተሩ ጭነቱ ሲሰማው አቃሰተ፣ ከኋላ ክፍል "ዷ!" የሚል ድምፅ መጣ። በየነ ወለሉ ላይ ተኛ። እኔ ሮጬ ወጣሁ፤ ሚስቴን ትቼ እንደሮጥኩ ያስታወስኩት ግቢው በር ስደርስ ነው። ይህንን የውብዳር እስካሁን ታነሣብኛለች።

ሞጁሏ ለሁለት ተሰንጥቃለች። አቧራ የለባትም፤ አልሞቀችምም። በየነ ግን ወዲያው "ይሄ ከውጭ የመጣ ኃይል ነው። የመብራቱ ቮልቴጅ ድንገት ዘልሎ ነው" አለ። እኔም የጥፋተኛው አድራሻ ከቤቴ ውጭ በመሆኑ በጣም ደስ አለኝ።

ቀሪውን ቀን ጥፋተኛ ፍለጋ ዋልኩ። መጀመሪያ መብራት ቢሮ ሄጄ ሁለት ገጽ አቤቱታ አስገባሁ። አንድ ትሑት ሰው መለኪያውን ይዞ አብሮኝ መጣና ለክቶ "ቮልቴጅዎ ጤነኛ ነው፣ ሰቦ" አለኝ። ሰውየው ከሄደ በኋላ "ሲለካ ጊዜ አውቆ አደብ ገዝቶ ነው" አልኩ። ቀጥዬ ጎረቤቴ ያለው በያጅ ላይ ዞርኩ። ብየዳው መብራቱን እያስደነገጠው ነው ብዬ አንድ ቀን እንዲያርፍልኝ ለመንኩት። እሱም ምን አደረግኩ ሳይል ረቡዕን ሥራውን ዘግቶ ዋለልኝ። ቀጥሎ መብረቁን ጠረጠርኩ፤ ዝናቡ ወቅቱ ነውና ሐይቁ በየከሰዓቱ ያጓራል። የውብዳር "ዓይን ነው፤ ያንን ፎቶ ለማን ለማን ነው የላክኸው?" አለች። በየነ ከቤቱ የፍሪጅ ስታብላይዘር ተሸክሞ መጣ። ምስማር ላይ የተሰቀለውን ሽቦ ግን ማንም አልጠረጠረውም። ሪባን ያሰረን ነገር ማን ይጠረጥራል?

እትዬ ጥሩወርቅ በየሰዓቱ ይደውላሉ። "ተፈጨ?" "እየተፈጨ ነው፣ እትዬ።" "የወፍጮው ድምፅ አይሰማኝም።" "ዘመናዊ ነው፣ ድምፅ የለውም።" ሽማግሌ ሆኜ መዋሸቴ አሳፈረኝ፤ ግን ምን ላድርግ?

ረቡዕ ከምሳ በኋላ የመጨረሻዋን ሞጁል ገጠምን። በከተማው ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌላ ቢታዘዝ የሚደርሰው ሠርጉ ካለፈ ብዙ ቆይቶ ነው። እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ አማትቤ ላበራ ስል የውብዳር እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ እንጂ" አለች። "የማህሌት እጮኛ የሚያጠናው ማብሪያ ማጥፊያ ለምን እንደሚበላሽ አይደል እንዴ?"

በየነና እኔ ተያየን። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ የምንፈልገውን ሰው እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ድሬዋለሁ! በየነ "ሙሽራ በሠርጉ ሳምንት ሥራ አይታዘዝም፣ ነውር ነው" አለ። እውነቱን ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ በትክክለኛነቱ ስለተቃጠልኩ አልሰማሁትም። ደወልኩ።

ሙገርዋ ከማኬሬሬ በቦዳ ከተፍ አለ፤ ጸጉሩን ለሠርጉ ገና መስተካከሉ ነው። የተሰነጠቀችውን ሞጁል አገላብጦ አየ። ሽቦውን ከካፓሲተሮቹ ተነሥቶ እየተከተለ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባና ምስማሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ሰቦ?"

"ትርፉ ነው" አልኩ በኩራት። "አልቆረጥኩትም።"

የጥቅልሉን ዙር በጣቱ እየነካ ቆጠረው። ከዚያ በትሕትና "ለተማሪዎቼ ላሳያቸው፣ ፎቶ ላንሣው?" አለኝ። ሙያዬን ማድነቁ መስሎኝ ሪባኑን አስተካከልኩለት።

ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተበረገደና እትዬ ጥሩወርቅ ገቡ። በርበሬያቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። ያልተፈጨ ጆንያ፣ የተከፈተ ሣጥን፣ ከመሃሉ ደግሞ ከበርበሬው የተነሣ ዓይኑ እንደ ቧንቧ የሚፈስ አማች አዩ።

"ይሄ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ወፍጮውን እየመረመረ ነው፣ እትዬ። ከውጭ የመጣው ቮልቴጅ..."

"ከውጭ አልመጣም፣ ማማ" አለ ሙገርዋ፤ አማርኛ ጥቂት ጥቂት ይሰማል። ሽቦዬን በጣቱ አሳየ። "ከዚህ ነው የመጣው።"

እሱ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ እኔ እየተርበተበትኩ እተረጉማለሁ። በሽቦ ውስጥ የሚሮጥ መብራት በድንገት ቁም ቢባል እሺ አይልም አለ። ሽቦው በረዘመና በተጠቀለለ ቁጥር ግትርነቱ ይብሳል። ሞጁሏ በሰከንድ ሺህ ጊዜ በሩን ድርግም ባደረገች ቁጥር ከኋላው የመጣው ሁሉ በሩን ይገፋል፤ ቮልቴጁ ይዘላል። ባዶውን ሲዞር የሚሮጠው ጥቂት ነው፣ ግፊቱም ትንሽ ነው፣ ትችለዋለች። በርበሬ ሲጨመር ግን የሚሮጠው በዛ፤ አልቻለችም። መድኃኒቱ መንገዱን ማሳጠርና፣ የሚገፋው ማረፊያ እንዲያገኝ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ከበሩ አጠገብ፣ እዚያው እግሯ ሥር ማድረግ ነው።

ከትርጉሜ ግማሹ እኔም አልገባኝም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄማ የእኔ ቤት ነው" አሉ። "በምሳ ሰዓት ወጥ አለቀ ብዬ በሩን ድንገት ስዘጋው፣ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ከኋላ ያለው ሲገፋ በሬን ይነቅለዋል። ደጅ ላይ አግዳሚ ወንበር ካለ ግን ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ይሄንን አይደል የሚለው?"

ተረጎምኩለት። ሙገርዋ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እኔ ይህንን ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል" አለ። ሲነገራቸው እትዬ ጥሩወርቅ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ጆንያው ዞሩ። እኔ ግን አየሁ።

ቀጥሎ ሽቦው መቆረጥ ነበረበት። ሙገርዋ ባለቤቱ እኔ ስለሆንኩ በአክብሮት ፒንሳውን አቀበለኝ። ሽቦው ላይ አደረግኩት። አባቴ ትዝ አለኝ። አነሣሁት። እንደገና አደረግኩት። "እንዲያው ሳይቆረጥ ቢፈታስ?" አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ፒንሳውን ከእጄ ነጥቀው "ቀጭ!" አደረጉት፤ ከነሪባኑ። ሁለተኛውንም "ቀጭ!" በየነ ኮፍያውን አወለቀ።

ሙገርዋ ከባዶቹን ካፓሲተሮች ወደ ኋላ ክፍል አስመጣና ከሞጁሏ ጋር ጎን ለጎን አሰራቸው፤ በመካከላቸው የቀረው ሽቦ ስንዝር አይሞላም። ከቦርሳው ትንሽ ካፓሲተር አውጥቶ ሞጁሏ እግር ላይ ገጠመ። ብናኙ እንዳይደርስባቸው በሩ ይዘጋል፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ ብቻ በግድግዳው ያልፋል። ይኸው ነበር። ሁለት ሞጁልና ሁለት ገጽ አቤቱታ የበላው ነገር መፍትሔው ይኸው ነበር።

ባዶው ዞረ። ያጨበጨበ የለም፤ ተምረናል። በየነ ገና ሳይጠራ ወለሉ ላይ ተኛ፣ እኔ የየውብዳርን እጅ በአንድ እጄ፣ በሩን በሌላው ያዝኩ። ሙገርዋ ከሞጁሏ አጠገብ ቆሞ አልተነቃነቀም። እትዬ ጥሩወርቅ አዩት፣ ቁናውን ራሳቸው አነሡና በርበሬውን ገለበጡት። ሞተሩ አቃሰተ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላ ክፍል የተሰማው የሙገርዋ ማስነጠስ ብቻ ነበር።

ሁለቱም ጆንያ ተፈጭቶ አለቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አሹት፣ ቀመሱት፣ መዳፋቸውን ለሙገርዋ ዘረጉለት። እሱም ቀመሰ፤ ላብ በላብ ሆኖ "በጣም ጥሩ" አለ በአማርኛ። "ውሃ ስጡት እንጂ!" ብለው ጮኹብን። በዚያ ቁጣ ውስጥ የሰማሁትን የእናት ድምፅ ለማህሌት ወዲያው ደውዬ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ቶሎ ማጨብጨብ ያስከተለብኝን አስቤ ተውኩት።

እሑድ ሠርጉ ሆነ። በያጁን ጠርቼዋለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄው ከአጠገቤ አስቀምጬው በላን። የመብራት ቢሮውን ሰውዬም ባገኘው እጠራው ነበር። ከምሳ በኋላ ሙሽሮቹ የእትዬ ጥሩወርቅን ጉልበት ሊስሙ ተንበረከኩ። ድንኳኑ ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ምርቃት የለም እንዳሉ ያልሰማ የለማ። ማህሌት ቀና ብላ አታይም። የእኔም ልብ ልክ በርበሬው ሲጨመር እንደሆነው ሆነ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መጀመሪያ ወንበር አምጡልኝ" አሉ። አመጣን። ራቅ አድርገን ስናስቀምጠው ተቆጡ። "ወዲህ! አጠገቤ!" ወንበሩ ከወንበራቸው ጋር ተጋጨ። ሙገርዋን እጁን ይዘው አነሡትና አስቀመጡት።

"በሬን ድርግም ሳደርግብህ ደጅ ላይ ማረፊያ አላኖርኩልህም ነበር" አሉት። "ገፍተህ አልሰበርክብኝም። እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።"

ልተረጉምለት አፌን ስከፍት ማህሌት ቀድማኝ በጆሮው ነገረችው። ከዚያ ምርቃቱ መጣ። የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ፣ ውለዱ ክበዱ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ ብለው ጀምረው፣ ያጠራቀሙት ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጡ መረቁ፤ እኛም "አሜን" ስንል ድምፃችን እስኪዘጋ ድረስ። በየነ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ይጠርጋል። በያጁም ይጠርጋል። የውብዳር መሀረቤን ወስዳብኝ እኔ በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። ሁላችንም ስንጠየቅ በበርበሬው አመካኘን።